ከመሿለኪያው ማዶ ያለችው ግማሽ ደቂቃ

እንዝርት ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። በልጅነቷ ቁጭ ብሎ መብላት አይሆንላትም ነበር፤ ዳቦዋን እየገመጠች ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ደጅ ስትሾር ትውላለች። ዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቷታል፤ መሾሩ ግን አልለቀቃትም። የሚያስቀው ደግሞ ሥራዋ መኪና ውስጥ ተቀምጦ መዋል መሆኑ ነው። እሱም መቀመጥ ከተባለ ነው እንግዲህ። ጉልበቷ ይርገበገባል፣ ጣቷ የበሩን እጀታ ይቆረቁራል፣ መኪናው ቀይ መብራት ላይ ሲቆም ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች።

የምትሠራው የስልክ ኔትወርክ መለካት ነው። አራት ስልክ ዳሽቦርዱ ላይ ትደረድራለች፣ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ ታደርጋለች፣ ከሹፌሩ ጋር ከተማውን ከጫፍ ጫፍ ታካልላለች። ስልኮቹ ቀኑን ሙሉ አንድ ፋይል ይልካሉ፤ ልከው ሲጨርሱ ያንኑ ፋይል እንደገና ይልካሉ። የት ላይ ፈጠነ፣ የት ላይ ተንቀረፈፈ፣ የት ላይ ጭራሽ ቀጥ አለ፣ ሁሉም ይመዘገባል። ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ስልኩን እያራገበ ኔትወርኩን ሲረግም፣ እሷ የትኛው ፎቅ እንደከለለው በጣቷ ታሳያለች። ሹፌሩ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው፣ ለነገር የማይቸኩል ሰው ነው። ሁለቱን አንድ መኪና ውስጥ ያስቀመጠ አለቃ ወይ አስተዋይ ነው ወይ ቀልደኛ።

ወንድሟ አምቡላንስ ላይ ነርስ ነው። እናት አባታቸው በላይ በላዩ ሲሞቱባቸው ያሳደጋትም፣ ያስተማራትም እሱ ነው። ሳያገባ ቀርቶ ነው እሷን ለወግ ያበቃው፤ አሁንም አንድ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ። እሷ አንድ ቀን እንኳ ስለዚህ ነገር አመሰግናለሁ ብላው አታውቅም። ምን ተብሎ ይጀመራል?

ሰኞ ጠዋት ስትወጣ ሳሎን ውስጥ የቤት ልብስ ለብሶ አገኘችው። ሰኞ ደግሞ ተረኛ ነው።

«አሞሃል እንዴ ወንድም ጋሼ?»

«ደህና ነኝ። ዓርብ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አለብኝ፤ እስከዚያ ቤት ዋል ተብዬ ነው።»

ቦርሳዋን ጣለችና ቆመች። እሱም እያቅማማ ነገራት። ከአራት ወር በፊት ልቡን ያመመውን አንድ ሰው ከቤቱ አንስተው ወደ ሆስፒታል ይወስዳሉ። አምቡላንሱ ውስጥ ደረት ላይ የሚለጠፍ መሣሪያ አለ፤ የልብን ምት ያነብና በስልክ ኔትወርክ አስቀድሞ ለሆስፒታሉ ይልካል፣ የልብ ሐኪሙም በሽተኛው ሳይደርስ ይዘጋጃል። ያን ቀን ንባቡ የደረሰው ሐኪሙ ሌላ ታካሚ ሊያክም ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ከገባ ከሃያ ሴኮንድ በኋላ ነው። ሥራ ከጀመረ በኋላ ጥሎ መውጣት አይችልም። ሌላ ሐኪም እስኪጠራ ሰውየው አረፈ። የክሱ ደብዳቤ ነርሱ ንባቡን በወቅቱ አልላከም ይላል።

«መላኪያውን የተጫንኩት መሿለኪያው ሳንገባ ነው» አለ ወንድሟ። «መላክ መጀመሩን የምታሳየው አረንጓዴ መብራት ስትበራ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ማን ያምነኛል? መሣሪያው ንባቡ የደረሰበትን ሰዓት እንጂ እኔ የተጫንኩበትን አይመዘግብም።»

«አራት ወር ሙሉ ይህን ይዘህ ዝም አልከኝ?»

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር? መሾር ነዋ» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ። ጥፋተኛ ከተባለ የሙያ ፈቃዱ ይነጠቃል። በሃምሳ አምስት ዓመቱ ሌላ ምን ይሠራል? ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም።

ያን ቀን ምን እንደለካች አታውቅም። ሥራው አልቆ ቤቷ ስትገባም ሳህኑን ከምድጃ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ምድጃ ስታመላልስ ምግቡ ቀዘቀዘና ሳትበላ ተወችው።

ማክሰኞ ሹፌሩን በቀጥታ ወደ መሿለኪያው ይንዱልኝ አለችው። ከባቡር ሐዲዱ ሥር የሚያልፍ፣ መኪና የማይጠፋበት፣ ሁሌ እየተጓተቱ የሚወጡበት መንገድ ነው። አንዱን ስልክ ልክ እንደ አምቡላንሱ መሣሪያ እንዲልክ አዘጋጀችው። ገቡ። የምልክቱ መስመር ወደቀ፣ ቁጥሩ ቀጥ አለ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው፣ ከኮንክሪቱ ሥር አየሩ ምንም አያደርስም። ወጡ። ምልክቱ ተመለሰ። ቁጥሩ ግን አልተንቀሳቀሰም። ሹፌሩ ረጋ ብሎ ፍሬቻ አበራና መኪናውን ወደ ዳር አወጣው።

«ለምን አቆሙ ጋሼ?»

«ላሳርፈው ብዬ ነዋ ልጄ። ሁሌ እዚህ አይደል የምናሳርፈው?»

ክው አለች።

ማሳረፍ የሚሉት ነገር በዚህ ሙያ ያለ ሁሉ ያውቀዋል፤ መመሪያ ላይ ግን አልተጻፈም። ፋይሉ መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ጨርሶ ከተቋረጠ የጠዋቱ ልኬት በሙሉ ይበላሻል፣ ከመጀመሪያው እንደገና መዞር ነው። ስለዚህ ፋይሉ ቀጥ ሲል መኪናውን ዳር ያስይዙታል፣ ነፍስ ሲዘራ ይቀጥላሉ። የመለኪያው ፕሮግራም ደግሞ መኪና የቆመበትን ሴኮንድ ሁሉ ከሪፖርቱ ያወጣል፤ ቀይ መብራት ላይ የሚባክን ጊዜ ውጤቱን እንዳያዛባ ተብሎ የተሠራ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ ፋይሉ ደርቆ የቆየበት ጊዜ እንዳልነበረ ይሆናል። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልሰረዘም፤ ሪፖርቱ ግን እንደ ተወለወለ ሳህን ንጹሕ ነው። አምቡላንሶቹ ያን መሣሪያ ይዘው ሥራ የጀመሩት አምና የወጣውን የልኬት ሪፖርት ተማምነው ነው። ከሪፖርቱ ግርጌ ያለው ፊርማ የማን ነው? የእሷ ነው።

«ይመለሱልኝ» አለች። «አሁን ምንም ቢሆን እንዳያቆሙ።»

ሰባት ጊዜ ዞሩ። ሰዓቱን በእጇ ይዛ እያንዳንዷን ሴኮንድ ቆጠረች። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ላኪው መሣሪያ ፋይሉን ቆራርሶ ይልክና ለእያንዳንዱ ቁራጭ ደርሷል የሚል መልስ ይጠብቃል። መልስ ካጣ መንገዱ በሌሎች ተጨናንቋል ብሎ ያስባል፤ ጭንቅንቁን ላለማባስ አንድ ሴኮንድ ይታገሥና ደግሞ ይሞክራል። አሁንም ካጣ ሁለት ሴኮንድ፣ ከዚያ አራት፣ ስምንት፣ ዐሥራ ስድስት፣ ሠላሳ ሁለት። ባጣ ቁጥር ጥበቃውን እጥፍ ያደርገዋል። ይህን ደንብ ያወጡ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ በዚያን ዘመን ሁሉም በገመድ ነበር፣ በገመድ ላይ ቁራጭ የሚጠፋው መንገዱ ሲጣበብ ነው። አየር ላይ ግን አንድ ግድግዳ ይበቃዋል። መንገዱ ወለል ብሎ ባዶ ሆኖ ሳለ ያ ጨዋ መሣሪያ ተጨናንቋል ብሎ ዳር ቆሞ ያሳልፋል።

በሰባቱም ዙር ያው ነው፤ ምልክቱ ከጠፋ በሠላሳ አንደኛው ሴኮንድ ላይ ሞክሮ መልስ አጣና ሠላሳ ሁለት ልጠብቅ ብሎ ተቀመጠ። መኪናው ከመሿለኪያው የወጣው በሠላሳ አምስተኛው ነው። ከዚያ ወዲያ ምልክቱ ሙሉ ነው፣ ሰማዩ ክፍት ነው፣ እሱ ግን እስከ ስልሳ ሦስተኛው ሴኮንድ ድረስ ጭጭ። ሃያ ስምንት ሴኮንድ። ጥበቃህ ከሁለት ሴኮንድ እንዳያልፍ ብሎ መሣሪያውን ማዘዝ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነበር። የእሷ ሪፖርት እውነቱን ቢያሳይ ኖሮ አምና ያስተካክሉት ነበር።

መኪናው ውስጥ አለቀሰች። ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አደረገና ወደ ውጭ ሲያይ ቆየ።

«ያቆምኩት እኔ ነኝ ልጄ» አለ በመጨረሻ።

«እርስዎ ሁሌም የቆሙት እኔ አምና ባዘዝኩዎት ነው። ስምዎ እዚህ ውስጥ አይገባም።»

ረቡዕ አለቃዋ ጋ ገባች። እሱም ክፉ ሰው አይደለም፤ በሩን ዘጋና ውሃ ቀዳላት። «መሣሪያው በዚህ ሳምንት ይስተካከላል፣ ቃሌ ነው» አላት። «አንቺ ግን ኮሚቴ ፊት ሄደሽ ራስሽን አታቃጥዪ። ሁሉም እንደሚያሳርፍ አንቺም ታውቂያለሽ፤ አንቺ ከተናገርሽ ግን የምትጠየቂው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ወንድሜስ?»

«ማስረጃ የላቸውም፣ ይለቁታል።»

«ባይለቁትስ?»

ተነሥቶ በሩን ከፈተላት። ሐሙስን እንዴት እንዳሳለፈችው ለራሷም አይገባትም። ከሥራ ቀረች፣ ቤቱን ጠረገች፣ የጠረገችውን ደግማ ጠረገች፣ ሦስት ጊዜ ወንድሟ በር ድረስ ሄዳ ሦስት ጊዜ ተመለሰች። ፈርታ ነበር፤ ሥራዋን ብታጣ ምን እንደምትሆን አሰበች፣ ይህን በማሰቧ ደግሞ አፈረች። በአራተኛው ገባች።

«ነገ አብሬህ እመጣለሁ።»

«ምን ልትሠሪ?»

«ልናገር» አለችና ጥፋቷን በሙሉ ነገረችው። ሰማትና፣ «ተይው» አላት። «እኔስ የሠራሁትን ሠርቻለሁ። አንቺ ገና ነሽ።»

«አንተ ደግሞ ሁሌ ለእኔ ትከፍላለህ!» ጮኸችበት። በሕይወቷ ጮኻበት አታውቅም።

ዓርብ ጠዋት ኮሚቴው ፊት ቆማ ተናገረች። ተቀመጪ ቢሏት አልቻለችም። የሰባቱን ዙር ቁጥር አሳየች፣ የአምናውን ሪፖርት አሳየች፣ ፊርማዋን አሳየች። «መኪናው እንዲቆም ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አለች። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ አያት። የልብ ሐኪሙም እዚያው ነበር።

«ንባቡ ሃያ ስምንት ሴኮንድ ቀድሞ ቢደርሰኝ ኖሮ እጄን እየታጠብኩ ነበር» አለ ሐኪሙ። «አልገባም ነበር። ሰውየው ይድን ነበር ወይ ካላችሁኝ ግን አላውቅም።»

አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ወንድሟ ከክሱ ነጻ ወጣ። እሷም ውሳኔውን ቆማ በምትጠብቅበት ኮሪደር ላይ ስልኳ ጮኸ፤ አለቃዋ ነው፣ ላፕቶፑንና ስልኮቹን ዛሬውኑ አስረክቢ አላት። እሺ አለች። ወንድሟ ወጣ፣ ጭንቅላቷን ወደ ደረቱ አስጠጋውና ወረቀት ሊፈርም ተመልሶ ገባ።

ከኮሪደሩ ጫፍ አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴት ተነሥተው ወደ እሷ መጡ። የሟቹ ሚስት ናቸው፤ ኮሚቴው ውስጥ ከኋላ ተቀምጠው ሲሰሙ አይታቸዋለች። ይሰድቡኛል ብላ ራሷን አዘጋጀች። ይገባኛል ብላም ነበር።

«የኔ ልጅ፣ ያ መሣሪያ ዝም ያለው ስንት ነው ያልሽው?»

«ሃያ ስምንት ሴኮንድ፣ እናቴ።»

ሴትዮዋ በከንፈራቸው ቆጠሩት። «እኔ ያን ቀን አምቡላንሱን አስቁሜው ነበር» አሉ። «በሩን ልቆልፍ ብዬ ተመለስኩ። ባለቤቴ ሌባ ይፈራ ነበር፣ ክፍት ትቼ ብሄድ ይቆጣኛል ብዬ። ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው። ቀብሩ ላይ ለልጄ ነገርኩት፣ ሐኪሙ ደግሞ ንባቡ ግማሽ ደቂቃ ቢቀድም ኖሮ ያለውን ሰምቷል። ከዚያ ወዲህ አላነጋገረኝም። አራት ወሩ። ስደውል አያነሳም።»

እንዝርት መልስ ፈለገች። ሒሳቡ ጭንቅላቷ ውስጥ ወዲያው ተሠርቶ አልቋል፤ ሰባት ጊዜ ለክታ ሴኮንድ የማታዛንፍ ሴት ናት። በሩ ባይቆለፍ ኖሮም ንባቡ በዚያው ግማሽ ደቂቃ ቀድሞ ይደርስ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። ሴትዮዋ ዓይን ዓይኗን እያዩ ይጠብቃሉ።

«በር መቆለፍ ምን ጥፋት አለው?» አለች። «የልጅዎን ቁጥር ይስጡኝ።»

ቁጥሩን በቃላቸው ይዘውታል። እሷ መታችው፣ አንድ ጊዜ ተሳስታ ደግማ መታችው። ከማያውቀው ስልክ ስለተደወለለት ልጅየው በሦስተኛው ጥሪ አነሳ።

«አታውቀኝም» አለችው። «ስለ አባትህ ነው የደወልኩት። እባክህ አትዝጋብኝ።» ከዚያ ነገረችው፤ መሿለኪያውን፣ መሣሪያውን፣ ሪፖርቱን፣ ፊርማዋን። ኮሚቴው ፊት ቀላል ነበር፤ እዚያ የወንድሟ ፊት ነበረላት። እዚህ አባቱ የሞተበት ሰው ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማት። «እናትህ ምንም አላጠፉም» አለችው። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ከወዲያ በኩል ድምፅ ጠፋ። ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው፤ አልተቋረጠም። ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች፣ ይዘጋዋል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን፣

«እናቴ አጠገብሽ አለች?» አላት።

«አጠገቤ ናቸው» አለችና ስልኩን ለሴትዮዋ ሰጠቻቸው።