ዕርቁን ማን አወጣው?

ታዴዎስ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ቪዲዮ ቤት አለው። አንድም የጃፓንኛ ቃል ሳያውቅ የጃፓን አኒሜ በማይክ መተርጎም ከጀመረ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ከሁሉም በላይ ስም ያተረፈለት የሁለት ጎራዴኛ ወንድማማቾች ታሪክ ነው። መጨረሻው ላይ ታላቅየው ተንበርክኮ ሳር ይጨብጣል። የጋሞ ሽማግሌዎች ጠብ ሲያበርዱ እርጥብ ሳር ይዘው ይንበረከኩ የለ? ታዴዎስም ያው መስሎት፣ "ወንድሜ፣ ይብቃን፤ ታረቀኝ!" ብሎ ሲተረጉም ቤቱ በለቅሶ ይሞላ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ያው ታሪክ እንደ አዲስ ተሠርቶ መጣ፤ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው። ወንድማማቾቹ አሁን የሚፋለሙት ሳር በሌለው ድንጋይ ላይ ነው። ታላቅየው ሲንበረከክ ታዴዎስ ጽሑፉን አንብቦ፣ እያመነታ "እበቀልሃለሁ!" አለ።

"ሳሩስ?" ብለው ጮኹ የጫሞ ሐይቅ ዓሣ አጥማጁ ጋሽ ገነነ። "ዕርቁን የት ጣሉት? ቁም ነገሩ እኮ እሱ ነበር!"

ከኋላ የተቀመጠችው የእንግሊዝኛ መምህርት ማዕዶት ሳቀች። "የድሮውንም ከነጽሑፉ አይቼዋለሁ፣ ጋሼ። እዚያም 'እበቀልሃለሁ' ነው የሚለው። ሳሩን የጨበጠው ቁስሉ አሞት ነው። ዕርቁን ከራሱ ያወጣው ታዴ ነው።"

ታዴዎስ የተርጓሚነት ስሙ እዚህ ላይ እንዳበቃ ገባውና ማይኩን ሊያስቀምጥ ጎንበስ አለ።

"ታዲያ ጃፓኖቹ ሁለቴ ነዋ ያበላሹት!" አሉ ጋሽ ገነነ። "አንተ ደግሞ ምን አጎነበሰህ? ወደ ኋላ መልሰውና በደንብ ተርጉምልን!"

ታዴዎስ ፊልሙን መለሰው። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ የሚሸፍን ካርቶን ያቀበለችው ማዕዶት ናት።