በናሲሞ ስም የተጻፈ ኀፍረት

ናሲሞን የማውቃት ሳቢያን ሰፈር ውስጥ፣ ከሥራ መልስ ለሚመጡ ሰዎች እንግሊዝኛ በማስተምርበት ክፍል ነው። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ቆረጣ ክፍል ስድስት ዓመት ሠርታለች። ቤቷ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ገበያ ላይ ሶማልኛ፣ ፋብሪካ ውስጥ አማርኛ ትናገራለች። እንግሊዝኛ ልትማር የመጣችው ልጇን የቤት ሥራ ለማገዝ ነበር።

አንድ ሰኞ ግን ደብተሯን ሳታወጣ ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

«ቲቸር፣ ይሄን አንብብልኝ።»

ፎቶ ነው። የፋብሪካው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ፣ በእንግሊዝኛ የተተየበ ወረቀት፤ ከግርጌው የናሲሞ ስምና ፊርማ አለበት። አነበብኩት።

«ምን ይላል?»

«ያው... ሥራ ላይ ስህተት እንደተፈጠረ ነው የሚለው።»

«አቦ፣ አታለሳልስብኝ! ሰው እያነበበ ሲስቅብኝ ነው የሰነበተው። አንድ በአንድ ንገረኝ።»

ነገርኳት። ጥፋተኛ ነኝ ይላል። በቸልተኝነቴ አፍራለሁ ይላል። ለተበላሸው ዕቃ ተወቃሿ እኔ ብቻ ነኝ ይላል።

«ስድስት ቀን በፊቱ አልፌያለሁ» አለች። «ስሜን ሳይ የተመሰገንኩ መስሎኝ ነበር፣ ወላሂ። ለልጄም ነግሬዋለሁ!»

ከዚያ የሆነውን ሁሉ ዘረገፈችው። የልጆች ሸሚዝ እጅጌ ልትቆርጥ ስትል ተቆጣጣሪዋ ሽመክት የሌላ ትእዛዝ ልኬት አመጣላት። «ይሄ እኮ ያጥራል» ብላዋለች። «አንቺ ዝም ብለሽ ቁረጪ» አላት። አራት መቶ እጅጌ ተበላሸ። በማግስቱ አንድ ወረቀት ይዞ መጣና «የደኅንነት ሥልጠና መውሰድሽን የሚገልጽ ነው፣ እዚህ ጋ ፈርሚ» አላት። ፈረመች። በሳምንቱ ወረቀቱን ለሌላው መቀጣጫ ብለው ለጠፉት፤ ቅዳሜ ደግሞ ከቆረጣ አውጥተው ክር እንድትጠርግ አደረጓት።

«ለፋብሪካው ደብዳቤ ልጻፍልሽ» አልኳት። እኔም ደሜ ፈልቶ ነበር።

«አንተ ከጻፍክልኝ ደግሞ ሌላ የማላነበው ወረቀት ልፈርም ነው። ቃላቶቹን አስተምረኝ።»

እነዚያን ቃላት ለዓመታት አስተምሬያቸዋለሁ። ምሳሌዬ ሁልጊዜ የጎረቤት ብርጭቆ የሰበረ ሰው ነበር፤ ክፍሉ ይስቃል፣ እናልፋለን። ያን ቀን ግን ማንም አልሳቀም። «ጊልቲ» ጥፋቱን የሠራ ሰው ነው አልኩ። «አሼምድ» ማለት በሠራው ነገር በራሱ ያፈረ ነው። «ኤምባራስድ» ደግሞ ምንም ሳያጠፋም ቢሆን ሰው ፊት የተሸማቀቀ።

«እኔ ሦስተኛዋ ነኝ» አለች። «ሁለቱን ማን ሰጠኝ?»

እስክሪብቶዋን ስትጫነው ወረቀቱ ይቀደዳል። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ተማረች። «ሼም» የምትለዋን ቃል ስጽፍ «እሷን ተዋት፣ እሷን ሁሉም ሰው ያውቃታል» ብላ አቋረጠችኝ። «ጥፋቱ የሱ ነው የሚባለው እንዴት ነው? እሱን ጻፍልኝ።» ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ የደቻቱን ድልድይ ቃላቱን እየደጋገመች ነው የምትሻገረው። የባጃጅ ሾፌሮች ከሰው ጋር የምትጣላ ይመስላቸው እንደነበር ኋላ አጫውታኛለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረችኝ አብራት የምትሠራው አያን ናት። ናሲሞ አንድ ሐሙስ በምሳ ሰዓት አያንን ለምስክርነት ይዛ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። ሥራ አስኪያጁ የውጭ አገር ሰው ነው፤ አማርኛ አይሰማም። እንዲያስተረጉም የተጠራው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሽመክት።

ናሲሞ በአማርኛ ጀመረች። «ልኬቱን ያመጣልኝ እሱ ነው። ያጥራል ብዬዋለሁ። ወረቀቱንም ዋሽቶ ነው ያስፈረመኝ።»

ሽመክት ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሮ ረጋ ብሎ በእንግሊዝኛ ተናገረ። በጥፋቷ ማፈሯን፣ ይቅርታ ልትጠይቅ መምጣቷን ነገረው።

«ኖ!»

አያን እንደምትለው የቢሮው መስታወት የሚረግፍ ነው የመሰላት። ናሲሞ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «አይ አም ኖት ሶሪ! አይ አም ኖት አሼምድ! ሂ ኢዝ ጊልቲ!» ጣቷ የሽመክት ደረት ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ሥራ አስኪያጁ ሽመክትን አየው። ሽመክት «አማርኛዋም እኮ ደህና አይደለም፣ ተደናግራ ነው» ብሎ ለአያን ሹክ አለ።

«ምንም አልተደናገረችም» አለች አያን፤ እሷም ልኬቱን ሽመክት ሲያመጣ ማየቷን በእጅ ምልክትና በምታውቃት ጥቂት እንግሊዝኛ ለሥራ አስኪያጁ ነገረችው።

ሥራ አስኪያጁ የትእዛዙን ወረቀት አስመጥቶ ሲያይ ልኬቱን ያወጣው ሽመክት እንደሆነ የሚያሳይ የራሱ ፊርማ አለበት። ወረቀቱ ከሰሌዳው ተነሣ። ናሲሞ ወደ ቆረጣ ተመለሰች። ሽመክት ወደ መጋዘን ተዛወረ፤ በዚያው ደረጃ። ናሲሞ እውነቱ እዚያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ብላ ጠየቀች፤ አልተለጠፈም። የሰጧት ሁለት መስመር ደብዳቤ ብቻ ነው፤ «ስለተፈጠረው አለመግባባት እናዝናለን» የሚል።

ራሷ አነበበችው፤ የእንግሊዝኛ ክፍላችን መሀል ቆማ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ማነው ያልተግባባው? እኔ ነግሬዋለሁ፣ እሱ ሰምቶኛል። ይሄ አለመግባባት ነው?»

እኔ ሞኙ ነገሩ እንዲበርድ ብዬ «እንግዲህ ወረቀቱ ተነሥቷል፤ አሁን ይቅር በይው» አልኳት።

«እሱ መች ጠየቀኝ? እዚያው ግቢ አግኝቶኝ ዞር ብሎ ነው የሚያልፈው! አንተም ከነሱ ጋር ነህ ማለት ነው?» ደብተሯን ሰብስባ ወጣች።

ሳምንቱን ሙሉ ቀረች። በሁለተኛው ሰኞ መጥታ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰላምታዬን አልመለሰችም። ትምህርቱ ስለ አየር ጠባይ ነበር፤ ስለ ሙቀት፣ ስለ ነፋስ። የጻፍኩትን ሁሉ ገለበጠች፤ ቀና ብላ ግን አላየችኝም። እኔም ደግሜ ይቅር በይ አላልኳትም።