ርእስ ብቻ ያላቸው ቅኔዎች

አባቴ ቢቸና አጠገብ ባለ ደብር ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ቅኔ ተነግሮ ያልፋል እንጂ ደብተር ውስጥ አይከተትም የሚሉ ሰው ነበሩ። ዓይናቸው መድከም ሲጀምር ግን ሐሳባቸውን ለወጡ። የራሳቸውን ቅኔ በአንድ ወፍራም ደብተር ጻፉ፤ የአምላክንና የቅዱሳንን ስም እንደ ብራና መጽሐፍ በቀይ አደረጉና ለእኔ ሰጡኝ። እኔ ሞጣ ውስጥ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነኝ፤ የመሥሪያ ቤታችንን ዜና ድረ ገጽ ላይ የምጭነው እኔ ነኝ። ተማሪዎቻቸው ያሉበት ሆነው እንዲያነቡት ፈለጉ። በሕይወታቸው ሌላ የጠየቁኝ ነገር ትዝ አይለኝም።

ድረ ገጽ ከፈትኩላቸው። እንደ ልማዴ መጀመሪያ ርእሶቹን ሁሉ አስገባሁ፤ የጥምቀት መወድስ፣ የደብረ ታቦር ጉባኤ ቃና እያልኩ ለእያንዳንዱ ባዶ ገጽ ፈጠርኩ። ዝርዝሩ ሲረዝም የሠራሁ መሰለኝ። ስንኙን ስለጥፍ ግን ሲስተሙ መስመሮቹን ገጣጥሞ እንደ ስብሰባ ዜና አንድ አንቀጽ ያደርጋቸዋል። መልሼ ስለያያቸው በመካከላቸው ሜዳ የሚያክል ክፍተት ይተዋል። ቀዩን ቀለም ደግሞ ስም በስም እየመረጥኩ መስጠት ነበረብኝ። አንዷ ቅኔ ግማሽ ቀን ትበላለች። በዚያ ላይ ኔትወርክ ይጠፋል፤ ሲመጣ ደግሞ የአለቆች ፎቶ ይጠብቀኛል። ሰባቱን ጨርሼ፣ ገጹን ለሰው ሳልከፍት ተውኩት።

አንድ ቀን አባቴ ደብተሬ ናፈቀኝ ብለው አስደወሉ። ይዤላቸው ሄድኩ። ፎቶ አንስቼ ብመልሰው ምን ነበረበት? በሌላ ጊዜ እወስደዋለሁ ብዬ ነው። የመጀመሪያዋን ቅኔ በስልኬ ከፍቼ አሳየኋቸው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ቀዩን ፈለጉ፤ አገኙትም።

«ሁሉም ገባ?» አሉኝ።

«ገብቷል፣ አባ። ሁሉም ገብቷል።»

ፊታቸው በራ። ላስደስታቸው ብዬ ነው ብል ሁለተኛ መዋሸት ይሆናል፤ ስንፍናዬን ለመሸፈን ነው የዋሸሁት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዐረፉ። ስደርስ አስከሬኑ ገና ከቤት አልወጣም ነበር። እናቴ አቅፋኝ ካለቀሰች በኋላ ኑዛዜያቸውን ነገረችኝ። ቅኔው ለተማሪዎቼ ደርሷል፣ ደብተሩ ከራስጌዬ ይሁን ብለው ነበር። ሳጥኑ ውስጥ አየሁት፤ ጠርዙ ከነጠላው ሥር ወጣ ብሏል። ካህናቱ ፍትሐት ላይ ናቸው፣ ተማሪዎቻቸው ግቢውን ሞልተውታል። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። በእነዚያ ሁሉ ሰዎች ፊት አባቷን የዋሸች ልጅ መባልን ፈራሁና ዝም አልኩ። ሳጥኑ በሚስማር ሲመታ ከሴቶቹ ሁሉ በላይ ጮህኩ። ሰው ለአባቷ ነው አለ።

በተዝካራቸው ቀን ተማሪዎቹ ገጹ መቼ ይከፈታል እያሉ ጠየቁኝ። ሞጣ ተመልሼ ቢሮ ውስጥ ዝርዝሩን ከፈትኩ። ሰባቱ ሙሉ ናቸው፤ ከእነሱ በታች ያሉት ሁሉ ርእስ ብቻ ናቸው። ገጽ በገጽ እየከፈትኩ አየኋቸው፤ ከአንዱም አንድ ስንኝ በቃሌ አላውቅም። ተስፋ ስቆርጥ ሁሉንም መርጬ «አትም» የሚለውን ተጫንኩ።

ከአባቴ ተማሪዎች አንዱ ዛሬ ጉንደ ወይን ውስጥ መሪጌታ ናቸው። በሳምንቱ ደወሉልኝ።

«እኅቴ፣ ርእሱ ይታየኛል። ከሥሩ ግን ምንም የለም። ምን ላድርግ?»

ኔትወርኩ ነው አልኳቸው።

አመስግነውኝ ስልኩን ዘጉ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኔትወርክ ወደሚይዝበት ጉብታ እየወጡ እንደሚሞክሩ እናቴ ነገረችኝ። እስካሁን አላቆሙም።