ካልሲ ያጠለቀው መሰላል

ሰርግ አዳራሽ ውስጥ ከሙዚቃው በላይ የምትጮህ ሴት ከሰማችሁ አትደንግጡ፤ ሚስቴ ናት። ሥራዋ ፎቶ ማንሳት ነው። ቁመቷ ከትከሻዬ አይደርስም፣ ድምጿ ግን ከሰፈር ሰፈር ይሻገራል። አጭር ስለሆነች የትም ስትሄድ ተጣጣፊ መሰላል ይዛ ነው። ይዛ ስል እንግዲህ እኔ ተሸክሜ ማለቴ ነው። እኔ አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አርፌ እቀመጣለሁ ብዬ ነበር። ምን ዋጋ አለው፤ በወጣሁ ማግስት «አንተ ሰውዬ፣ ሶፋው ቅርጽህን ሳይዝ ተነሥ!» ብላ መሰላሉን አሸከመችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አላወረድኩትም።

ሰው የሚጠራት «ቀና በሉ» እያለ ነው። ከዚህ ሌላ ስም እንዳላት የሚያውቅ ያለም አይመስለኝ። «ቀና በሉ! አንቺ ባለ ቢጫ ቀሚስ፣ አገጭሽን! አንተ ደግሞ ትንፋሽህን ዋጥ አድርግ፣ ቦርጭህ ሙሽራውን ቀድሞት ገብቷል!» እንዲህ ነው አነሳሷ። ሌሎቹ ፎቶ አንሺዎች ሰውን ይለማመጣሉ፣ እሷ ትዘልፋለች። ሰዉ ደግሞ በዘለፋው ይስቅና ፎቶው ያምራል። ስንቱ ኮስታራ ባለሥልጣን በእሷ አፍ ተሞልጮ፣ አመስግኖ ሄዷል መሰላችሁ!

ታዲያ አንድ ቀን አንዲት ልጅ ስቱዲዮአችን መጣች። ልታገባ ነው። የሰርጉን ቦታ ነገረችን፤ ያ ከኮረብታው ላይ ያለው የድሮ ቤተ መንግሥት ነው። ሚስቴ ዓይኗ በራ። ልጅቷ ግን ስለ ቤተ መንግሥቱ ግድም አልሰጣት።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት» አለች። «አባቴ ፎቶ አይነሳም።»

አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሰውን ሲያሳምር የኖረ፣ ራሱም ቢሆን ሸሚዙ ሳይተኮስ ከቤት የማይወጣ ሰው። አምና ስትሮክ መታው። ግራ እጁ ሰነፈ፣ አፉም ወደ አንድ በኩል ጠመም አለ። ከዚያ ወዲህ በደህናው እጁ መሐረብ ይዞ አፉን ይሸፍናል። እንግዳ ሲመጣ ይሸፍናል፣ መንገድ ላይ ይሸፍናል፣ ከገዛ ልጁ ጋር ሻይ ሲጠጣ እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳ መለስ ያደርጋል።

«ሌላው ፎቶ ሁሉ ቢበላሽ ግድ የለኝም» አለች ልጅቷ። «ከአባዬ ጋር አንድ ብቻ። ግን ተደብቀው በስርቆት እንዳያነሱት። ወደ ካሜራው እያየ፣ መሐረቡን አውርዶ፣ ወዶ እንዲነሳ ነው የምፈልገው።» እንባዋ መጣ። ሚስቴ እንባ አትችልም። በጩኸት ስንቱን ታስደነግጣለች፣ እንባ ካየች ግን አለቀላት።

«ይሄም ችግር ሆኖ ነው?» አለች ደረቷን ነፍታ። «አነሳልሻለሁ። ካላነሳሁት ይቺን ካሜራ ዳግመኛ አልይዛትም!»

ልጅቷ እንደወጣች ደሜ ፈላ። «አንቺ ሴትዮ፣ ሰውዬውን አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«አላውቀውም።»

«ታዲያ ምን ቆርጦሽ ነው ቃል የምትገቢው?»

«እና ምን ልበላት? አባትሽን አስተካክለሽ ነይ ልበላት?» ብላ ጮኸችብኝ። እኔም አፌን ያዝኩ። ትዳራችን የቆየው በእኔ አፍ መያዝ ነው።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። የበጋ ፀሐይ ታውቃላችሁ፣ አናት የሚበሳ። መሰላሉን ተሸክሜ ያንን የድንጋይ ደረጃ እየቆጠቆጠኝ ወጣሁ፤ ላቤ ከአንገቴ እስከ ተረከዜ። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆሟል። ወገቡ ላይ የቁልፍ እስር አንጠልጥሏል፤ ሲራመድ ይንሿሿል። የቤተ መንግሥቱ ጠባቂ ነው።

«ወዴት ወዴት?» አለኝ።

«ወደ ውስጥ ነዋ።»

«ይሄን ብረት ይዞ? ሰውዬ፣ ይሄ ወለል ነገሥታት የጨፈሩበት ወለል ነው!»

ሚስቴ ከኋላዬ ብቅ አለች። «ነገሥታቱ ታዲያ በካልሲ ነበር የጨፈሩት?»

ሽማግሌው ቀልድ የሚባል ነገር አልፎበት አያውቅም። ጥቂት አሰበ። መሰላሉን ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ «ካልሲ ካደረገ ይገባል» አለ።

እኔ ሳቅኩ። ቀና ስል ሁለቱም እግሬን እያዩ ነው።

በሕግ አምላክ! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ቤተ መንግሥት ደጃፍ ላይ ጫማዬን አውልቄ ካልሲዬን ለመሰላል አጠለቅኩ። ያውም መሰላሉ አራት እግር ነው፣ እኔ ሁለት። የቀረውን ጥንድ ያዋጣው ራሱ ሽማግሌው ነው፤ ቀይ የሱፍ ካልሲውን ቅርስ እንደሚያስረክብ ሰው አክብሮ አወለቀ። መሰላሉ ከሁላችንም ዘንጦ ገባ። እኔ በባዶ እግር በጫማ ውስጥ እየተንሸራተትኩ ከኋላው።

ውስጡን ስታዩ አፍ ያስከፍታል። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ነው። መሀል ላይ ሰፊ የእንጨት ደረጃ አለ፣ ወለሉ በሰም ታሽቶ ፊት ያሳያል። የትም ብትቆሙ በአሥር በኩል ራሳችሁን ታያላችሁ። እኔ ለራሴ አሥር ቦታ ካልሲ የሌለው ሰው አየሁ።

አባትየው ልጁ ግራ ክንዱን ይዛው ገባ። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ፀጉሩ አንዲት ዘለላ ሳትዛነፍ የተበጠረ ሰው ነው። ነጭ መሐረብ አፉ ላይ። ልጅቷ እሱን ባየች ቁጥር ሚስቴን ታያለች፤ ሚስቴ ደግሞ «ቆይ ብቻ» እንደማለት በጣቷ ምልክት ትሰጣታለች።

ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ ሄደችበት። «ጋሼ፣ ያ መሐረብ በጦም በጸሎት ነው የተገኘው? ለአፍታ ያሳርፉት እንጂ።»

«ጉንፋን ይዞኛል» አለ።

በዚያ ሙቀት! ሻማው ሁሉ ጎንበስ ባለበት ቀን! ሚስቴ አልተበገረችም፤ ደግማ ስትሄድ መጸዳጃ ቤት ሊሄድ እንደሆነ ነገራት። እዚያ ገብቶ የሰውን ትዕግሥት እስኪፈታተን ቆየ። ሲወጣ ያ ሁሉ መስታወት ካለበት አዳራሽ፣ ከደረጃው ግርጌ ካለው ዓምድ ጀርባ አንዲት መስታወት የማያያት ጥግ አገኘና ተለጠፈባት። ዕድሜውን በመስታወት ፊት የቆመ ሰው አይደል፣ መሸሸጊያውን ያውቅበታል።

ሚስቴ ዝም አለች። እኔ እሷ ስትጮህ አልፈራም፤ ስትጮህ ደህና ናት ማለት ነው። ዝም ስትል ነው የምፈራው። ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ምን አስቤ ነው ለዚያች ልጅ ቃል የገባሁት?» አለችኝ። በእውነት አንጀቴን በላችኝ። ብዙ የምላት ነበረኝ፤ «ነግሬሽ ነበር» የሚለውንም ጨምሮ። ዋጥኩት።

«ሥራሽን ሥሪ» አልኳት። «የቤተሰቡ ፎቶ ቀርቷል።»

ቤተሰቡ ደረጃው ላይ ይደርደር ተባለ። መሰላሉን ከዓምዱ አጠገብ ተከልኩ፣ ሚስቴ ጫፉ ላይ ወጣች፣ እኔ ከታች ያዝኩ። ሙሽሮቹ ከታችኛው ደረጃ ላይ ቆሙ። ከኋላቸው የሙሽራው እናት በቀኝ፣ የሙሽራዋ እናት በግራ። ከዓምዱ ጀርባ ከተለጠፈው አባት በቀር ሁሉም ልክ ነው። ሚስቴ ካሜራዋን ስታነሳ የሙሽራው እናት ቀሚሷን የምታስተካክል መስላ አንድ ደረጃ ከፍ አለች። የሙሽራዋ እናት በዓይኗ ጥግ አየቻት። እሷም አንድ ደረጃ ከፍ አለች፤ ያውም አንድ ጨምራ። የሙሽራው እናት «እዚህ ነፋስ አለ» ብላ ሌላ ወጣች። የሙሽራዋ እናት ነፋሱን ፍለጋ ተከተለቻት።

«ወይዛዝርት! ወዴት ነው የምትሄዱት? ጣሪያ ላይ ነው እንዴ ድግሱ?» ብላ ሚስቴ ጮኸች። ድምጿ ሲመለስ ደስ አለኝ። ማን ሰምቷት! ሁለቱ እናቶች እየተሳሳቁ፣ እየተከባበሩ፣ «ኧረ አንቺ ቅደሚ» እየተባባሉ ወጥተው ወጥተው ከላይኛው በረንዳ ደረሱ። ካሜራው ውስጥ የቀረው ጫማቸው ብቻ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሂድና አውርዳቸው!» አለችኝ።

«መሰላሉስ?»

«መሰላሉ ካልሲ አድርጎ ይሮጣል? ሂድ!»

ሄድኩ። ሁለቱን እመቤቶች በቀኝና በግራ ክንዴ አቅፌ እያባበልኩ መውረድ ስጀምር ሚስቴ ከጫፍ ሆና «የሙሽራው እናት፣ ቀና!» ብላ እጇን ዘረጋች። ያኔ ነው ጉዱ። መሰላሉ በሰም በታሸው ወለል ላይ በአራቱም ካልሲው ሸርተት አለ። እሷ ደግሞ ሚዛኗን ልትጠብቅ ወደ ኋላ ስታዘም እሱ ወደ ፊት። ነገሥታቱ የጨፈሩበት ወለል ላይ ሚስቴና መሰላሉ መጨፈር ጀመሩ።

ቆሌዬ ተገፈፈ። እናቶቹን ለቅቄ ሮጥኩ፤ ያለ ካልሲ ካደረግሁት ጫማ አንዱ ወልቆ ደረጃው ላይ ቀረ። «ወይኔ ሚስቴን!» እያልኩ ስወርድ መሰላሉ ባንድ ጎን መጋደል ጀምሯል።

ከዓምዱ ጀርባ አንድ እጅ ወጣ። የመሰላሉን ቋሚ ጭብጥ አድርጎ ያዘው። መሰላሉ ተንገጫግጮ ቆመ። መሐረቡ ወለሉ ላይ ወደቀ።

አባትየው ነው፤ ከመሸሸጊያው ወጥቷል። አንድ ደህና እጅ ነው ያለው፣ እሱም መሰላሉ ላይ ነው። ፊቱ በሙሉ ተገልጧል።

«እንዳይለቁኝ ጋሼ!» አለች ሚስቴ ከላይ፣ ካሜራዋን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ።

«ይዤሻለሁ፣ አይዞሽ» አለ። ንግግሩ ትንሽ ይጎተታል፤ ግን ይሰማል። ቀና ብሎ እያያት ነው። ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ እየሮጠች መጥታ አጠገቡ ቆመች፤ «አባዬ፣ ደህና ነህ?» እያለች። ሁለቱም ከሥር፣ ካሜራው ከላይ። እኔ በልቤ «አንሺ! አንሺ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ!» እላለሁ።

አላነሳችም። ካሜራዋን ከፊቷ ዝቅ አደረገች። ከዚያ በዚህ ሁሉ ዘመን ሰምቼው በማላውቀው ቀስ ያለ ድምፅ «ጋሼ፣ ላንሳዎት?» አለችው።

ወለሉ ላይ የወደቀውን መሐረብ አየው። በዙሪያው ያለውን መስታወት አየ፤ በየመስታወቱ ውስጥ እሱ ነው። ልጅቷ ዓይኗን ከፊቱ አልነቀለችም።

ይሄኔ እኔ ደረስኩ፤ የእኔ ነገር! ሚስቴን ለማትረፍ ብቻ እያሰብኩ መሰላሉን በሁለት እጄ ጥርቅም አድርጌ ያዝኩና «በቃ ይልቀቁት ወንድሜ፣ እኔ አለሁ» አልኩት። ካልኩት በኋላ ነው የገባኝ። እጁ ነጻ ሊወጣ ነው። የሙሽራዋ እናትም እየሮጠች መጥታ መሐረቡን አንሥታ፣ አራግፋ፣ ደህና ያደረገች መስሏት ዘረጋችለት። ሚስቴ ከላይ ሆና ያየችኝን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም።

ሰውዬው መሐረቡን አየ። እኔን አየኝ።

«ተወው» አለኝ። «ይዤዋለሁ።»

እጁን አላነሳም። እንዲያውም ጠበቅ አደረገው፤ ጣቶቹ ሲነጡ አየሁ። ልጅቷ ራሷን በዚያ በሰነፈው ግራ ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። እሱ ቀና አለ፣ አገጩን ራሱ አስተካከለ፣ ፊቱን ወደ ካሜራው አዞረ። ፈገግ ሲል ፈገግታው የሄደው ወደ አንድ ጉንጩ ብቻ ነው። እኔ ትልቁ ሰውዬ አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ። ካሜራው ቀጭ አለ።

«አነሳሽኝ?» አለ።

«አነሳሁዎት ጋሼ» አለች ሚስቴ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

«እንግዲያው ድገሚው እህቴ» አለ፤ «ጨፍኜ ነበር።»