የወንድሜ ችክችካ

በደርግ ዘመን ፒያሳ አንድ ሆቴል ውስጥ ኦርጋን እጫወት ነበር፤ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ድራም። ሰዓት እላፊው ገበያውን ሲገድለው ሥራ አስኪያጁ ባንዱን በትኖ እኔን ከአንድ የከበሮ ማሽን ጋር አስቀረኝ። ያ የማይረባ ሳጥን የወንድሜን እንጀራ ነጠቀ። እንዴት እንደጠላሁት!

ወንድሜ ግን የአራዳ ልጅ አይደል? «ጠላትህን ውደድ ተብሏል» ብሎ ሳጥኑን ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ይዞት ወረደ። ሳጥኑ የፈረንጅ ምት እንጂ ችክችካ አያውቅም። ወንድሜ ቁልፎቹን ሲጠመዝዝ ድምፁ ይወፍራል፣ ይቀጥናል፤ አንዴ ቆርቆሮ፣ አንዴ በርሜል ይሆናል። ሰንብቶ ሰንብቶ የቆዳ ከበሮ አስመሰለውና የራሱን ችክችካ፣ ያቺን አንዷን ምት ጫን የሚልባትን፣ አስተማረው። እናታችን በሳቅ ሞተች።

ብዙም ሳይቆይ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ለውትድርና አፈሱት። ሰሜን ዘመተ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ።

ሆቴሉ ስለማይታመን ሳጥኑን ቤት ነበር የማሳድረው። ከሶኬት ሲነቀል ምቱን የሚይዝለት ሆዱ ውስጥ ያለው ባትሪ ድንጋይ ነው፤ እሱ ከወጣ ወንድሜ ያስተማረው ሁሉ ይጠፋል። ወደ ሥራ ልወጣ ስል እናቴ «እስቲ ልጄን አስነሳልኝ» ትላለች። ሰክቼ ቁልፉን እጫንላታለሁ፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታዳምጣለች። እኔ መስማት አልችልም ነበር፤ ደጅ ወጥቼ እጠብቃለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት ሰክቼ ብጫነው ጭጭ። ገልብጬ ሳየው ድንጋዮቹ የሉም። እናቴ ከደጅ ገባች፤ ፀሐይ ላይ አስጥታቸው ኖሮ በነጠላዋ ጫፍ ይዛቸዋለች።

«ለሬዲዮኑ ተበድሬ ነው፣ የኔ ልጅ። ድንጋይ ከገበያ ጠፍቷል፤ የጦሩን ወሬ ያወሩ እንደሆን ብዬ። ሳጥኑ እንደሁ በመብራት ነው የሚሠራው።»

«ምን አሉ ታዲያ?»

«ድል በድል ነን ይላሉ። ስለ እሱ ምንም።»

ወይ ጉዴ! ምን ልበላት? ከእሱ የቀረንን አንቺው በገዛ እጅሽ አጠፋሽው ልበላት? ድንጋዮቹን መለስኳቸው። ምቱ ግን አልተመለሰም።

«እስቲ ልጄን አስነሳልኝ» ብላ ቁጭ አለች።

ሳጥኑን በጀርባዬ ከለልኩባትና የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣቶቼ መታሁ፤ ችክችካውን፣ እንደሚሆን እንደሚሆን። ያቺ ጫን የምትለዋ ምት እምቢ አለችኝ።

እናቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ዛሬስ ልጄ ደክሞታል» አለች። «አጥፋለት፤ ይረፍ።»