ቤቴ ነው ወይ?

አያቴ ካረፉ ወዲህ በራችን ላይ ቆሞ የሚጠይቅ የለም።

በደርግ ጊዜ ከወሎ ወደ አሶሳ በሰፈራ ስንመጣ የተሰጡን የሳር ጎጆዎች በመስመር የተደረደሩ፣ አንዱ ካንዱ የማይለይ ነበሩ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አያቴ ከሰፋሪው የጋራ እርሻ ተናደው ሲመለሱ የጎረቤት ጎጆ ገቡና «እራት ገና ነው?» ብለው ጮኹ። ሴትዮዋ «እራቱስ ደርሷል፤ ባሌ ግን እርስዎ አይደሉም!» አለቻቸው። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ ደጅ ቆመው «ቤቴ ነው ወይ?» ሳይሉ ገብተው አያውቁም። እኔም ከውስጥ «የእርስዎ ነው አባባ፣ ይግቡ» እል ነበር። ሳሩ በቆርቆሮ ተለውጦ፣ የደጃችን ማንጎ ጣራውን ካለፈ በኋላም መጠየቃቸውን አልተዉም።

«አሁንማ ይለያል እኮ አባባ!» አልኳቸው።

«ቤቱስ ይለያል፤ ስቆጣ የማልለየው ራሴን ነው። መልስሽን እስክሰማ ትንሽ ይበርድልኛል» አሉኝ። ካልበረደላቸውም አይገቡም ነበር፤ ማንጎው ሥር ቁጭ ይሉ ነበር።

ትናንት ገበያ ከአንዷ ጋር ተጣልቼ እየተንጨረጨርኩ መጣሁ። ደጃፉ ላይ ስደርስ እግሬ ቆመ። «ቤቴ ነው ወይ?» አልኩ። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም።

አባባ እስኪመልሱልኝ ማንጎው ሥር ተቀመጥኩ።