አንድ ድንጋይ፣ ሁለት ወንድማማቾች

የእናቴ ወገን መቃብር ጎባ ባለው ደብራችን፣ ከቤተልሔሙ ጀርባ፣ በብረት አጥር ተከልሎ ይገኛል። ቅድመ አያቴ ባላባት ስለነበሩ ሐውልታቸው ከሁሉ ይረዝማል፤ ማዕረጋቸው፣ ሚስታቸው ከማን ቤት እንደመጡ፣ ምኑ ቅጡ፣ ሁሉም ተቀርጿል። ከእግራቸው ሥር አያቴና ወንድሙ በአንድ ድንጋይ ተኝተዋል። ልጅ ሳለሁ ሙት ዓመት በመጣ ቁጥር እዚያ ቆሜ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ፣ "የሞተስ ሞተ፣ እኛ ምን በደልን?" እል ነበር በሆዴ። ያ ድንጋይ አንድ ቀን ከትዳሬ ፊት እንደሚቆም ምን አውቄ!

ሰውዬዬን ያገኘሁት በሮቤ ሚኒባስ ውስጥ ነው። እኔ ጎባ እየኖርኩ ሮቤ አስተምራለሁ፤ እሱ ደሎ መና ተወልዶ ያደገ፣ ለሥራ ወደኛ የመጣ የጤና ባለሙያ ነው። ጠዋት ጠዋት አንድ ወንበር ላይ ስንጨናነቅ ከርመን፣ ሽማግሌ የሚልክበት ቀን ተቆረጠ። ቀኑ ሳይደርስ አንድ እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ "ነይ፣ የእናቴን አባት ላስተዋውቅሽ። ደሎ መና ሞቶ እዚህ ነው የተቀበረው" አለኝ። እየመራኝ ሄዶ የእኛ አጥር ፊት ቆመ። በጣቱ ያሳየኝ የአያቴን ድንጋይ ነው።

የአያቴ ወንድም ለቡና ንግድ ቆላ ወርዶ እዚያው መቅረቱን ሰምቻለሁ። የልጅ ልጅ እንዳለው ግን ማን ነገረኝ? በእኛ ዘንድ ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ እኛ ገና ሦስተኛው ላይ ገጠምን። ወንድምና እህት ነን ማለት ነው። ስነግረው እሱ አጥሩን እንደያዘ ቀረ፤ እኔ ነጠላዬን ነክሼ አለቀስኩ።

ቀጥ ብዬ የሄድኩት እሜቴ ዘንድ ነው። እሜቴ የምንላቸው የአያቴን እህት ነው፤ ከባላባቱ ልጆች በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። "ሞት ምላሴን ፈርቶ ነው የዘገየው" የሚሉ ሴት ናቸው። ጉዴን ስነግራቸው ግን ጭጭ አሉ።

"ምነው እሜቴ፣ አንድ ነገር ይበሉኝ እንጂ!" ብዬ ጮህኩባቸው።

"ወዲያ! ጩኸቱን ተይና ለእሁድ ልጁን ይዘሽው ነይ።"

እሁድ ትከሻዬን ተደግፈው እስከ አጥሩ መጡ። የተናገሩት ወደ ድንጋዩ ዞረው ነው፣ ወደኛ አይደለም።

"ይሄ ደሎ መና የወረደው ወንድሜ የመጣው በጉዲፈቻ ነው። ወላጅ አባቱ የሪራ ሰው፣ የአባቴ ወዳጅ ነበር። እናትና አባቱ ሲሞቱበት አባቴ በበቅሎ አምጥተው ደጃችን አወረዱት። ያን ዕለት ሰብስበውን 'እሱን ልጅህ አይደለም የሚለኝ፣ ራሱ ልጄ አይደለም' ብለው አስማሉን። ሌሎቹ መሐላቸውን ጠብቀው ሞቱ። እኔ ይኸው አፈረስኩት። ደም የላችሁም፤ ተጋቡ።"

እልል ልል አፌን ስከፍት ፊቱን አየሁት፤ አመድ መስሏል።

"ታዲያ እኔ የማን ነኝ፣ እሜቴ?" አላቸው።

"አንተማ የዚህ ቤት ነህ። ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ቤት ያልሆንኩት እኔ ነኝ።" ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "ስሞት ከአጥሩ ውስጥ እንዳታስገቡኝ። አደራ።"

ተቆጣሁ፣ ለመንኳቸው። ወይ ፍንክች! አደራ ከተባለ ደግሞ ምን ይባላል።

ሽማግሌዎቹ ደም ከሌለ የሚቆጠር ቤት የለም አሉና ተጋባን። በሠርጋችን ከሁሉ ቀድመው እስክስታ የወረዱት እሜቴ ናቸው። ባለቤቴ ግን በቅዳሴ መልስ እንኳን በአጥሩ በኩል ማለፍ ተወ። እኔን ባገኘ ማግስት አያቱን የቀሙት ያህል ነበር።

እሜቴ በክረምቱ አረፉ። እንደ አደራቸው ከአጥሩ ውጭ፣ ጭቃው ላይ ቀበርናቸው። ለቀስተኛው "ምን አጥፍተው ነው?" ብሎ ሲንሾካሾክ እርር ድብን አልኩ። ባለቤቴም ሁሉንም ሰምቷል።

አርባቸው እንደወጣ የደብሩን አለቃ አስፈቅዶ፣ ከሮቤ አንድ ብረት በያጅ ይዞ መጣ። በያጁ ሙስሊም ነው፤ ጫማውን ግቢው በር ላይ ሊያወልቅ ሲል አለቃው "ግድ የለም ልጄ፣ ጭቃ ነው" አሉት።

"ምን ልታደርግ ነው?" አልኩት ባለቤቴን።

"ከአጥሩ ውጭ ቅበሩኝ አሉ፣ ቀበርናቸው። አጥሩን አትንኩ ግን አላሉም።"

በአንድ በኩል ያለውን ብረት ቆረጡት፣ ገፉት፣ የእሜቴን መቃብር አልፈው ተከሉት፣ በየዱት። ሲመሽ በያጁ ላቡን እየጠረገ፣ "ወላሂ ደክመሃል። ሴትየዋ ምንህ ናቸው?" ሲል ጠየቀው።

ባለቤቴ እጁን ድንጋዩ ላይ እንዳሳረፈ፣

"የአያቴ እህት" አለው።